ታዛቢው ያየውን ብቻ ይጻፍ
ለተማሪዎች የሮቦት ውድድር የምልከታ ቅጽ ስለ ማዘጋጀት

«ስካውት» የሚለው ቃል ለሀገራችን አንባቢ በመጀመሪያ የሚያስታውሰው ቦይ ስካውትን ነው። በተማሪዎች የሮቦት ውድድር ውስጥ ግን ቃሉ ወደ ቀደመ ትርጉሙ ይመለሳል። የጥንቱ ሠራዊት ከመንቀሳቀሱ አስቀድሞ መንገዱን፣ ውኃውንና የባላጋራውን አሰላለፍ አይቶ የሚመለስ ቃፊር ይልክ ነበር። ቃፊሩ የሚጠቅመው ያየውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ከተናገረ ብቻ ነው። በሮቦት ውድድርም ከየቡድኑ የተመደቡ ተማሪዎች በተመልካች ወንበር ላይ ተቀምጠው የሌሎችን ቡድኖች ሮቦቶች አንድ በአንድ እየተከታተሉ ይመዘግባሉ። ሥራው ስካውቲንግ ይባላል፤ እነዚህን ተማሪዎች በዚህ ጽሑፍ ታዛቢዎች፣ የሚመዘግቡበትንም ወረቀት የምልከታ ቅጽ እንላቸዋለን።

ይህን ርእስ የመረጥነው በሁለት ምክንያቶች ነው። አንደኛው፣ በሰሜን አሜሪካ በሚገኙ አጥቢያዎች የሚያድጉ ብዙ ወጣቶች የሮቦት ቡድን ባላቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስለሚማሩ፣ ወላጆችና የሰበካ ጉባኤ አባላት «እኛ መሐንዲሶች አይደለንም፤ በምን እናግዛቸው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ሮቦቱን ለመሥራት የምሕንድስና ዕውቀት ያስፈልጋል፤ የምልከታ ቅጹን ለማዘጋጀት ግን የሚያስፈልገው ማስተዋል፣ ትዕግሥትና እውነተኛነት ነው። ሁለተኛው ምክንያት፣ ቅጽ ማዘጋጀትና ማስሞላት የማንኛውም አጥቢያ የዘወትር ሥራ መሆኑ ነው። አንድ የዐሥራ ስድስት ዓመት ታዳጊ በጩኸት መካከል፣ በሁለት ደቂቃ ተኩል ውስጥ በትክክል ሊሞላው የሚችል ቅጽ ማዘጋጀት የቻለ ሰው ሌላውንም ቅጽ በማስተዋል ያዘጋጃል።

በጽሑፋችን ሁሉ የምናስረዳው አንድ ነገር አለ። ጥሩ ቅጽ የሚጀምረው ከጥያቄ ሳይሆን ከውሳኔ ነው። በቅጹ ምን እንደሚወሰን ያላወቀ አዘጋጅ ሁሉን ይጠይቃል፤ ሁሉን የጠየቀም የሚያስፈልገውን ሳያገኝ ይቀራል።

ውድድሩ እንዴት ይካሄዳል?

ለምሳሌ የምንወስደው ፈርስት የተባለው ድርጅት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚያዘጋጀውን የሮቦት ውድድር ነው። ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1989 የመሠረተው አሜሪካዊው የፈጠራ ባለሙያ ዲን ካሜን ሲሆን፣ የመጀመሪያው ውድድር እ.ኤ.አ. በ1992 በኒው ሃምፕሻየር ግዛት፣ በማንቸስተር ከተማ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ በ28 ቡድኖች መካከል ተካሄደ። በየዓመቱ በጃንዋሪ ወር የዓመቱ ጨዋታ ከነሕጉ ይፋ ይደረጋል፤ ቡድኖቹ ሮቦታቸውን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሠርተው በማርችና በኤፕሪል ወራት ወደ ሜዳ ይወርዳሉ።

እያንዳንዱ ግጥሚያ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ሮቦቱ በተጻፈለት ፕሮግራም ራሱን ችሎ ይንቀሳቀሳል፤ በቀረው ጊዜ ተማሪዎች ከሜዳው ዳር ቆመው ይነዱታል። በሜዳው ላይ ሦስት ሮቦቶች በቀይ ወገን፣ ሦስት ሮቦቶች በሰማያዊ ወገን ይሰለፋሉ። ሦስቱ ቡድኖች ጥምረት ይባላሉ። በማጣሪያው ዙር ማን ከማን ጋር እንደሚጣመር የሚወስነው አስቀድሞ የወጣ መርሐ ግብር ነው። በመሆኑም በጠዋቱ ግጥሚያ አጋር የነበረ ቡድን ከቀትር በኋላ ተጋጣሚ ሊሆን ይችላል።

የምልከታ ቅጽ ለምን እንዳስፈለገ የሚያስረዳው ቁልፍ ነገር እዚህ ላይ ነው። ዳኞች ነጥቡን በአብዛኛው የሚመዘግቡት ለጥምረቱ እንጂ ለእያንዳንዱ ሮቦት አይደለም። አንድ ጥምረት 90 ነጥብ ቢያገኝ፣ ከዚያ ውስጥ 70ውን አንድ ሮቦት ብቻውን አምጥቶት ይሁን ወይም ሦስቱ ተካፍለውት ይሁን ከውጤት ሰሌዳው ላይ አይነበብም። የደረጃ ሰንጠረዡም በጥምረቱ ውጤት ላይ የቆመ ስለሆነ ደካማ ሮቦት በጠንካራ አጋሮች ትከሻ ወደ ላይ ሊወጣ፣ ጎበዝ ሮቦትም አጋሮቹ በተበላሹ ቁጥር ወደ ታች ሊወርድ ይችላል።

የሚወሰነው ምንድን ነው?

ማጣሪያው ሲያልቅ በደረጃ የሚቀድሙት ስምንት ቡድኖች የጥምረት መሪ ይሆናሉ። በብዙዎቹ የክልል ውድድሮች እያንዳንዱ መሪ ሁለት አጋሮችን ይመርጣል። በመጀመሪያው ዙር ምርጫው ከአንደኛው መሪ ጀምሮ ወደ ስምንተኛው ይወርዳል፤ በሁለተኛው ዙር ደግሞ ከስምንተኛው ጀምሮ ወደ አንደኛው ይመለሳል። ስለዚህ 24 ቡድኖች ወደ ፍጻሜው ግጥሚያዎች ሲያልፉ የቀሩት ዕቃቸውን ሰብስበው ይመለሳሉ።

አርባ ስምንት ቡድኖች የተሳተፉበትን ውድድር እንመልከት። ከአርባ ስምንቱ ግማሾቹ ይመረጣሉ፤ ግማሾቹ አይመረጡም። አንደኛ የወጣው መሪ ሁለተኛ አጋሩን የሚመርጠው ሌሎቹ 23 ቦታዎች ከተያዙ በኋላ ነው። በዚያን ሰዓት ጎልተው የታወቁት ሮቦቶች ሁሉ ተወስደዋል። ጥያቄው «ከቀሩት መካከል ሳይታይ የቀረው ጎበዝ ማነው?» የሚል ይሆናል። ምናልባት በደረጃ ሰንጠረዡ ላይ 31ኛ የሆነ፣ ነገር ግን በእያንዳንዱ ግጥሚያ ሥራውን ሳያጓድል የፈጸመ ቡድን አለ። ያ ቡድን ከሩቅ ገጠር ትምህርት ቤት የመጣ፣ ስም የሌለው፣ ራሱን ማስተዋወቅ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ስለ እርሱ የሚመሰክርለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም በሌላ ቡድን ታዛቢ እጅ የተሞላ ወረቀት ነው። ቅጹ በደንብ ካልተዘጋጀ መራጩ አጋር ያጣል፤ ያ ቡድንም የሚገባውን ሳያገኝ ይቀራል።

ስለዚህ የቅጹ አዘጋጅ አስቀድሞ ይህን ዓረፍተ ነገር በወረቀት ላይ ይጻፍ፦ «ይህ ቅጽ የሚያገለግለው በምርጫው ሰዓት ከሌሎቹ ቡድኖች መካከል ለእኛ ሮቦት የሚስማሙትን በቅደም ተከተል ለመደርደር ነው።» ከዚያ በኋላ የሚመጣ ማንኛውም ጥያቄ በዚህ ዓረፍተ ነገር ፊት ቀርቦ ይመዘን። መልሱ ድርደራውን የማይለውጥ ጥያቄ ምንም ያህል ደስ የሚያሰኝ ቢሆን ይውጣ።

ጥያቄ ሁሉ ዋጋ አለው

አንድ ጥያቄ መጨመር ምንም የማያስከፍል ይመስላል። በቁጥር ስናየው ግን እንዲህ ነው። አርባ ስምንት ቡድኖች እያንዳንዳቸው ዐሥር ጊዜ ቢጫወቱ፣ በአንድ ግጥሚያ ስድስት ሮቦቶች ስለሚሰለፉ 80 ግጥሚያዎች ይኖራሉ። በእያንዳንዱ ግጥሚያ ስድስት ቅጾች ሲሞሉ ጠቅላላው 480 ቅጽ ይሆናል። በቅጹ ላይ 30 ጥያቄዎች ካሉ ልጆቹ 14,400 መልሶችን ይጽፋሉ፤ 12 ጥያቄዎች ካሉ ግን 5,760 ብቻ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ያልተፈለገ ጥያቄ የሚያመጣው ዕዳ ድካም ነው፤ የደከመ ታዛቢም መገመት ይጀምራል። ግምት ደግሞ በወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ ከእውነቱ አይለይም።

ጥያቄ የሚቀነስበት ሌላም መንገድ አለ። አዘጋጆቹ ራሳቸው ለእያንዳንዱ ሮቦት ለይተው የሚያወጡት ውጤት ካለ ታዛቢውን በእርሱ ማድከም አያስፈልግም። ለምሳሌ ቻርጅድ አፕ በተባለው የ2023 ጨዋታ እያንዳንዱ ሮቦት በግጥሚያው መጨረሻ በሚዛን መድረኩ ላይ መውጣት አለመውጣቱ በይፋዊው ውጤት ላይ በየሮቦቱ ተመዝግቦ ይወጣ ነበር። ታዛቢው ሊመዘግበው የሚገባው ከይፋዊው ውጤት የማይገኘውን ነው።

ስለዚሁ ጨዋታ ጥቂት እንበል፤ ምሳሌዎቻችንን ከእርሱ እንወስዳለንና። ሮቦቶቹ ሾጣጣ ኮኖችንና በአየር የተነፉ ኪዩቦችን እያነሡ ሦስት እርከን ባለው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡ ነበር። በተማሪዎች በሚነዳበት ክፍል በላይኛው እርከን የተቀመጠ ዕቃ 5 ነጥብ፣ በመካከለኛው 3 ነጥብ፣ በታችኛው 2 ነጥብ ያስገኛል። ሮቦቱ ራሱን ችሎ በሚንቀሳቀስበት በመጀመሪያው 15 ሰከንድ ደግሞ በቅደም ተከተል 6፣ 4 እና 3 ነጥብ ያስገኛል። በሚዛን መድረኩ ላይ ወጥቶ መድረኩን ሚዛን ማስጠበቅም የራሱ ነጥብ ነበረው።

ለዚህ ጨዋታ በቂ የሆነ ቅጽ የሚከተሉትን ቢይዝ ከበቂ በላይ አይጨምርም። በመጀመሪያው ክፍል፦ ሮቦቱ ከመነሻው ሥፍራ ወጣ ወይስ አልወጣም? በየእርከኑ ስንት ዕቃ አስቀመጠ? በሁለተኛው ክፍል፦ በላይኛው፣ በመካከለኛውና በታችኛው እርከን ስንት ኮንና ስንት ኪዩብ አስቀመጠ? ስንት ዕቃ ከያዘ በኋላ ጣለ? በመጨረሻው፦ በግጥሚያው ውስጥ ሥራውን አቁሞ ነበርን? የተጋጣሚውን መንገድ በመዝጋት ተከላከለን? ከዚህ በኋላ ለአንድ ዓረፍተ ነገር የሚሆን ባዶ መስመር።

ኮንና ኪዩብን መለየት እንኳ ከውሳኔው ጋር የተያያዘ ነው። የራሳችን ሮቦት ኮን ማንሣት የሚሣነው ከሆነ ኮን የሚያነሣ አጋር እንፈልጋለን፤ ስለዚህ መለየቱ ያስፈልጋል። ሁለቱንም እኩል የሚያነሣ ሮቦት ያለን ከሆነ ግን ድምሩ ይበቃ ይሆናል። ከዚህ የተነሣ የሌላ ቡድን ቅጽ እንዳለ ተቀድቶ መወሰዱ አይመከርም። የሌላው ቅጽ የሌላውን ጉድለት ለመሙላት የተዘጋጀ ነው።

ማየትና መፍረድ ይለያዩ

በብዙ ቅጾች ላይ «የነጂው ችሎታ ከ1 እስከ 5» የሚል መጠይቅ ይታያል። ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱ ግን የተመልካቹን ጠባይ እንጂ የሮቦቱን ሥራ አይነግረንም። አንዱ ታዛቢ ለጋስ ነው፤ ለሁሉም 4 ይሰጣል። ሌላው ጥብቅ ነው፤ ከ3 አያልፍም። በጠዋት 5 የተባለ ሮቦት ከቀትር በኋላ የበለጠ ሮቦት ከታየ ወዲያ 3 ሊባል ይችላል። ስድስት ታዛቢዎች በሁለት ቀን የሰጡትን እንዲህ ያለ ቁጥር ደምሮ ማካፈል በስድስት የተለያዩ ስፍሮች የተሰፈረን እህል በአንድ መዝገብ እንደ መጻፍ ነው።

መፍትሔው ፍርድን ከታዛቢው ላይ አንሥቶ ወደሚታይ ነገር መለወጥ ነው። «ነጂው ጎበዝ ነውን?» ከማለት ይልቅ «ተጋጣሚ መንገዱን በዘጋበት ጊዜ ሮቦቱ ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅና «ዕቃ ማስቀመጡን ቀጠለ»፣ «ቀጠለ፤ ነገር ግን ዘገየ»፣ «አቆመ»፣ «ማንም አልዘጋበትም» ከሚሉት አንዱን ማስመረጥ ይቻላል። «ሮቦቱ ፈጣን ነውን?» የሚለውም ያስቀመጣቸውን ዕቃዎች በመቁጠር ይመለሳል። ነጥብን ማስላትም የታዛቢው ሥራ አይደለም። እርሱ ይቁጠር፤ በ5 እና በ3 ማባዛቱን በኋላ ሌላ ሰው ይሠራዋል። ሦስት በላይኛው፣ ሁለት በመካከለኛው፣ አንድ በታችኛው እርከን የሚል መዝገብ 23 ነጥብ ከሚል መዝገብ ይበልጣል፤ ከመጀመሪያው ሁለተኛውን ማውጣት ሲቻል ከሁለተኛው ግን የመጀመሪያውን ማግኘት አይቻልም።

ከሜዳ ውጭ የሚሰበሰብ መረጃም አለ። ታዛቢዎች ቡድኖቹ ሮቦታቸውን ወደሚጠግኑበት ድንኳን እየሄዱ «ሮቦታችሁ ምን ይሠራል?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን የተባለው ከታየው ጋር በአንድ ዓምድ መጻፍ የለበትም። «በላይኛው እርከን እናስቀምጣለን» ያለ ቡድን ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ በትምህርት ቤቱ ልምምድ ላይ አስቀምጦ ይሆናል። የመራጩ ጥያቄ ግን በሜዳው ላይ አስቀምጧልን የሚል ነው። ሁለቱ ወረቀቶች ተለያይተው ቢቀመጡ አንዱ ሌላውን ይፈትነዋል።

ዜሮና ባዶ አንድ አይደሉም

ከሁሉ የሚበልጠው የቅጽ ስሕተት በዜሮና በባዶ መካከል ያለውን ልዩነት ማጥፋት ነው። ታዛቢው ሮቦቱን ሲከታተል ቆይቶ አንድም ዕቃ ሲያስቀምጥ ካላየ መልሱ 0 ነው። ታዛቢው ውኃ ሊጠጣ ወጥቶ ከነበረ፣ ወይም ከፊቱ የቆመ ሰው ከጋረደው መልሱ 0 ሳይሆን «አልታየም» ነው። ባዶ የተተወ ሳጥን ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ብዙ ጊዜ 0 ተብሎ ይገባል። እንዲህ ሲሆን የታዛቢው መቅረት የሮቦቱ ድክመት ሆኖ ይቆጠራል። ዐሥር ጊዜ ብቻ ለሚጫወት ቡድን በሐሰት የገቡ ሁለት ዜሮዎች ከምርጫው ሊያስወጡት ይበቃሉ።

ስለዚህ እያንዳንዱ ጥያቄ «አልታየም» የሚል የራሱ ሳጥን ይኑረው። ታዛቢዎችም «አልታየም» ብለው መጻፋቸው እንደማያስነቅፋቸው አስቀድሞ ይነገራቸው። «አላየሁም» ማለት የሚያሳፍር በሆነበት ቦታ ሁሉ ሰው ያላየውን ይጽፋል።

ዜሮ ራሱም ምክንያቱ ይጠየቃል። በአምስት ግጥሚያዎች 6፣ 6፣ 6፣ 6፣ 6 ዕቃ ያስቀመጠ ሮቦትና 12፣ 12፣ 0፣ 6፣ 0 ያስቀመጠ ሮቦት አማካያቸው እኩል 6 ነው። ነገር ግን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የሚታመን ነው። ሁለተኛው ሲሠራ እጅግ ጎበዝ፣ ሳይሠራ ሲቀር ግን ጥምረቱን በሁለት ሮቦት የሚያስቀር ነው። ሁለቱ ዜሮዎች የመጡት ከተበላሸ ባትሪ ከሆነና ብልሽቱ ከተጠገነ ፍርዱ ሌላ ነው። ስለዚህ ቅጹ «ሮቦቱ ቆሞ ነበርን? ከመቼ ጀምሮ?» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ድምሩን የሚሠራውም ሰው አማካዩን ብቻ ሳይሆን የየግጥሚያውን ቁጥር ይዞ ወደ ምርጫው ይቅረብ።

የወረቀቱ አቀማመጥ

ታዛቢው ዓይኑ ከሜዳው በተነሣ ቁጥር የሚያመልጠው ነገር አለ። ስለዚህ ቅጹ በአንድ ገጽ፣ ከተቻለም በግማሽ ገጽ ያልቅ፤ የጥያቄዎቹም ቅደም ተከተል የግጥሚያውን የጊዜ ቅደም ተከተል ይከተል። በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች የሚታየው ከላይ፣ በመጨረሻው የሚታየው ከታች ይሁን። ቁጥር በመጻፍ ፈንታ ጭረት ማስመር ይሻላል። ጭረት ወረቀቱን ብዙ ሳያዩ ይሰመራል፤ የተጻፈ ቁጥር ግን በጨመረ ቁጥር ይሰረዛል። የጭረቱ ሳጥን ሰፋ ያለ፣ ከጎኑም ድምሩ ከግጥሚያው በኋላ የሚጻፍበት አነስተኛ ሳጥን ያለው ይሁን።

የቡድን ቁጥር በታዛቢው እጅ ባይጻፍ ይመረጣል። አንድ አኃዝ ቢሳሳት የአንዱ ሥራ ለሌላው ይመዘገባል፤ ይህም ባዶ ከመተው የከፋ ነው። መርሐ ግብሩ ከወጣ በኋላ የግጥሚያው ቁጥር፣ የቡድኑ ቁጥርና የወገኑ ቀለም በቅጹ ላይ ታትሞ ለታዛቢው ይሰጠው።

ወረቀት ወይስ ኤሌክትሮኒክ? የሚለው ጥያቄ በየቡድኑ ይነሣል። በዚህ ውድድር ቡድኖች በውድድሩ ሥፍራ የራሳቸውን ዋይፋይ መዘርጋት በሕግ ተከልክለዋል፤ በሮቦቶቹ ግንኙነት ላይ እንዳያውክ ነው። ስለዚህ በታብሌት የሚመዘግቡ ቡድኖች መረጃውን በኪውአር ኮድ አማካይነት ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው ያሻግራሉ። አቅሙ ላለው ይህ መልካም ነው። አቅሙ ለሌለው እርሳስ፣ ወረቀትና ጠንካራ መደገፊያ ሰሌዳ ይበቃሉ። በወረቀት ያልተስተካከለ ጥያቄ በታብሌት ላይ በመጫኑ አይስተካከልም።

ሳይፈተን አይወጣ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና ቅጹ ወደ ውድድሩ ከመሄዱ በፊት ይፈተን። ፈተናው ቀላል ነው። የቀደመ ሳምንት ግጥሚያ በቪዲዮ ይከፈት፤ ሁለት ተማሪዎች ሳይመካከሩ አንዱን ሮቦት እየተመለከቱ ይሙሉ፤ ከዚያም ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ይቀመጡ። የሁለቱ መልስ ከተለያየ ልጆቹን ከመውቀስ በፊት ጥያቄው ይመርመር። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ያልተወሰነ ትርጉም ነው። ዕቃው በእርከኑ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ቢወድቅ ይቆጠራልን? የሌላ ሮቦት ገፍቶ ያስገባው ለማን ይመዘገባል? እንዲህ ያለው ነገር በቅጹ ጀርባ በአጭር ቃል ተወስኖ ይጻፍ፤ ሁሉም ታዛቢ በአንድ ስፍር ይስፈር።

ውድድሩ በሚካሄድበት ጊዜም ማረጋገጫ አለ። የአንድን ጥምረት ሦስት ሮቦቶች የተመለከቱት ሦስት ታዛቢዎች የመዘገቡት ሲደመር ከዳኞች ይፋዊ ቁጥር ጋር መግጠም አለበት። የሦስቱ መዝገብ ሲደመር በሚነዳበት ክፍል 4 በላይኛው፣ 3 በመካከለኛው፣ 2 በታችኛው እርከን ቢሆን፣ ይህ 20፣ 9 እና 4፣ በድምሩ 33 ነጥብ ነው። ዳኞቹ በዚያው ክፍል ለተቀመጡ ዕቃዎች ብቻ የሰጡት 38 ከሆነ የ5 ነጥብ ልዩነት አለ፤ ምናልባት በላይኛው እርከን የተቀመጠ አንድ ዕቃ ሳይታይ አልፏል። እንዲህ ያለው ማመሳከሪያ በየጊዜው ከተደረገ ስሕተቱ በምርጫው ሰዓት ሳይሆን በዚያው ሰዓት ይታወቃል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚባለውም እዚህ ይሠራል፤ አጠራጣሪ በሆነ ሮቦት ላይ ለሚቀጥለው ግጥሚያ ሁለት ታዛቢ መመደብ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ታዛቢ የሚሆኑ ስድስት ልጆች ያልተገኙለት ቡድን ተስፋ አይቁረጥ። ከሌላ ትንሽ ቡድን ጋር ተባብሮ አንድ ቅጽ መጠቀም ይችላል። ይህም ካልተቻለ ሁሉንም በጥቂቱ ከማየት ይልቅ ማንን ማየት እንደሚያስፈልግ ይምረጥ። በሰንጠረዡ አናት ያሉትን ሁሉም ያውቃቸዋል። ጥቂት ዓይን ያለው ቡድን ዓይኑን በመካከል ባሉት ላይ ቢያደርግ የበለጠ ይጠቀማል።

በወረቀቱ ጀርባ ያለው ሰው

በየቅጹ ግርጌ ያለው ባዶ መስመር ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ክንዱ በ4ኛው ግጥሚያ ታጠፈ» የሚል ማስታወሻ ይረዳል። «ልጆቹ ሰነፎች ናቸው» የሚል ግን ለውሳኔው አይረዳም፤ ሰውንም ያቆስላል። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህር የነበሩት ዉዲ ፍላወርስ በዚህ ውድድር ውስጥ ያስፋፉት አሳብ ብርቱ ፉክክርና ለተፎካካሪ የሚገባ አክብሮት አብረው መሄድ እንደሚችሉ ነው። ለታዛቢዎች የሚሰጠው መመሪያ አጭር ይሁን፦ የተመለከትነው ቡድን ወረቀቱን ከወንበር ሥር አንሥቶ ቢያነበው የማናፍርበትን ብቻ እንጻፍ።

ታዛቢዎቹም ራሳቸው ሰዎች ናቸው። ሰማንያ ግጥሚያ፣ በየመካከሉ ሜዳው እስኪስተካከል ከሚያልፈው ጊዜ ጋር፣ ሁለት ቀን ያህል ይወስዳል። ዐሥራ ሁለት ልጆች ከተገኙ በሁለት ተከፍለው እየተፈራረቁ ቢሠሩ የመጨረሻው ቅጽ እንደ መጀመሪያው የታመነ ይሆናል። ወላጆችና አጥቢያዎች የሚረዱበት ሥፍራም ይህ ነው። የውድድሩ ወራት አብዛኛውን ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማሉ፤ በአንዳንድ ግዛቶችም ውድድሩ ቅዳሜና እሑድ ይውላል። የሚጾም ልጅ በስንት ሰዓት እንደሚፈረቅ፣ በእሑድ ጠዋት ቅዳሴ የሚያስቀድስ ልጅ በማን እንደሚተካ አስቀድሞ ከቡድኑ መምህራን ጋር ተነጋግሮ በፈረቃው ሠንጠረዥ ላይ ማስያዝ ይቻላል። ሳይነጋገሩ ቀርተው በዕለቱ የሚፈጠረው ክፍተት በቅጹ ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይገኛል፤ ልጁንም በሁለት ወገን ያስጨንቀዋል። የጾም ምሳ ማቅረብ፣ ቅጾቹን ማተም፣ የተሞሉትን በግጥሚያ ቁጥር መደርደርና ድምሩን ከይፋዊው ጋር ማመሳከር ምሕንድስና የማይጠይቁ፣ ነገር ግን ቡድኑ በእጅጉ የሚፈልጋቸው አገልግሎቶች ናቸው።

ለሌሎች ቅጾቻችን የሚተርፍ

ከላይ የተባለው ሁሉ ለሰበካ ጉባኤ ቅጾችም ይሆናል። በአንድ መንደር የተሠራ የውኃ ቦኖ የሚጎበኝ ኮሚቴ «ቦኖው በጥሩ ሁኔታ ላይ ነውን?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያገኘው የጎብኚውን ስሜት ነው። «በጉብኝቱ ሰዓት ቧንቧው ሲከፈት ውኃ ወርዷልን? አንድ ጀሪካን ለመሙላት ስንት ደቂቃ ፈጀ?» ብሎ ቢጠይቅ ግን የታየ ነገር ያገኛል። የተዘጋ በር አግኝቶ የተመለሰ ጎብኚ «አልታየም» የሚል ሳጥን ከሌለው «አይሠራም» ብሎ ይጽፍ ይሆናል፤ በዚያ አንድ ቃል ምክንያትም የጥገናው ገንዘብ ወደማያስፈልገው መንደር ሊሄድ ይችላል። የችግረኛ ቤተሰቦችን ዝርዝር የሚያዘጋጅ ኮሚቴም እንዲሁ በመጀመሪያ የሚወስነውን ይጻፍ፤ ለውሳኔው የማያስፈልገውን የሰው ጓዳ ግን አይጠይቅ።

በማጠቃለያ፣ ቡድን ያላቸውን ወጣቶች ለመርዳት የሚያስብ አጥቢያ ጨዋታው በጃንዋሪ ይፋ ከሆነ በኋላ ሮቦቱ በሚሠራባቸው ሳምንታት ቅጹንም ጎን ለጎን ቢያስጀምር መልካም ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ ውሳኔው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ በሁለተኛው ጥያቄዎቹ ተመዝነው ከዐሥራ ሁለት ወይም ከዐሥራ አምስት እንዳይበልጡ ይደረጉ፤ በሦስተኛው በቪዲዮ ይፈተኑ፤ በአራተኛው የፈረቃው ሠንጠረዥ ይውጣ። ከመጀመሪያው ውድድር ሲመለሱም ልጆቹ «በምርጫው ሰዓት የትኞቹን ዓምዶች ተመለከትን? የትኞቹንስ ማንም አልከፈታቸውም?» ብለው ይጠየቁ። ማንም ያልከፈተው ዓምድ ከሚቀጥለው ቅጽ ይሰረዝ።